ጣሳ፣ ሩምባ እና ባለ ሦስት ጎማ፦ የኪንሻሳ የጎዳና ባንዶች ሙዚቃቸው እንዴት ተሠራ? አንድነታቸውስ ለምን አልጸና?

ከ1 እስከ 16 በእኩል ፍጥነት ይቁጠሩ። በ1፣ በ4፣ በ7፣ በ11 እና በ13 ላይ ብቻ ያጨብጭቡ፤ 16 ሲደርሱ ሳያርፉ እንደገና ከ1 ይጀምሩ። እነዚህ አምስት ጭብጨባዎች ክላቬ ይባላሉ። የኩባ ሙዚቃ የቆመው በእነሱ ላይ ነው፤ የኮንጎ ሩምባም እንዲሁ።

አሁን ጭብጨባውን ሳይተዉ ሌላ ሰው በ3፣ በ7፣ በ11 እና በ15 ላይ ጊታር ይምታልዎት። ይህ የሬጌ ጊታር ነው። ከአምስቱ ጭብጨባዎች ሁለቱ፣ 7ኛውና 11ኛው፣ ልክ ጊታሩ ላይ ያርፋሉ። ከበሮው እንደ ሬጌ ልማድ በ5 እና በ13 ላይ ጠንከር ብሎ ሲመታ 13ኛው እንደገና ከጭብጨባው ጋር ይገጥማል። ፈንክ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ደግሞ ክብደቱን 1 ላይ ይጥላል፤ 1 የክላቬው መነሻ ነው። በሙዚቃ መሸጫ ቤት ሦስት የተለያየ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሙዚቃዎች በአንድ የ16 ቆጠራ ውስጥ ሳይገፋፉ ይቀመጣሉ ማለት ነው።

ስታፍ ቤንዳ ቢሊሊ የተባለው የኪንሻሳ የጎዳና ባንድ ሩምባን ከፈንክ፣ ከሬጌና ከሪዝም ኤንድ ብሉዝ ጋር ሲያዋሕድ የተጠቀመው ይህንኑ ስፍራ ነው። መሥራቾቹ ሪኪ ሊካቡና ኮኮ ንጋምባሊ ናቸው። ፊት ለፊት የሚቀመጡት አንጋፋ ድምፃውያንና ጊታር መቺዎች በልጅነታቸው ፖሊዮ እግራቸውን የነሣቸው ሰዎች ሲሆኑ የሚንቀሳቀሱት ራሳቸው ባሠሯቸው ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪዎች ነበር። ከኋላቸው ከጎዳና የመጡ ወጣቶች ከበሮና ቤዝ ይመቱ ነበር። ሮዤ ላንዱ የተባለው ታዳጊ ደግሞ ከጣሳ በሠራው ባለ አንድ ክር መሣሪያ፣ በሳቶንጌ፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ ይጫወት ነበር። የባንዱ ስም በሊንጋላ “ከሚታየው ባሻገር ተመልከት” የሚል መንፈስ አለው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለት ፈረንሳውያን ፊልም ሠሪዎች ባንዱን ያገኙት በ2004 ነው፤ የመጀመሪያው አልበም በ2009 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ሙዚቃ ዐውደ ርእይ የሆነው ዎሜክስ የአርቲስት ሽልማቱን ሰጣቸው፤ ስለ እነሱ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም በ2010 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ሁለተኛው አልበም በ2012 ተከተለ። በ2013 ባንዱ ተሰነጠቀ።

ይህ ታሪክ ዛሬም መመርመር ያለበት ምክንያት አለ። ዩኔስኮ ኪንሻሳን በ2015 የሙዚቃ ከተማ ብሎ መዝግቧታል፤ የኮንጎ ሩምባ ደግሞ በ2021 በሁለቱ ኮንጎዎች ስም የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሩምባ ሲነሣ የሚወራው ስለ ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች ነው። መንገድ ዳር በጣሳና በአሮጌ አምፕሊፋየር የሚሠራው ሙዚቃ ግን በዚያው ከተማ አሁንም አዳዲስ ባንዶችን እያወጣ ነው፤ ባንዶቹም አውሮፓ ይደርሳሉ። የሚደርሱበት መንገድ ግን እንደ ቀድሞው ክፍተት የሞላው ነው። ቅልቅሉን ያጠነከረው ራሱ ጎዳናው ነው፤ ከጎዳናው ሲወጡ ሙዚቃው ምንም አልሆነም፤ የተበጠሰው የጎዳናው የገንዘብ አከፋፈል ነው። ሁለቱን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

ቅልቅሉ ከየት መጣ?

ክላቬ ኪንሻሳ የደረሰው በሸክላ ነው። ከ1933 ጀምሮ የእንግሊዙ ኤች ኤም ቪ ኩባንያ የኩባ ዘፈኖችን “ጂ ቪ” በሚል ተከታታይ ቁጥር አሳትሞ ወደ አፍሪካ ይልክ ነበር። የኮንጎ ሰዎች ሲሰሙት እንግዳ አልሆነባቸውም፤ ከዘመናት በፊት በባሪያ ንግድ ወደ ኩባ የተወሰዱት ሰዎች ብዙዎቹ ከኮንጎ ወንዝ አካባቢ ነበሩና የሄደው ምት ነው በሸክላ ተመልሶ የመጣው። የኮንጎ ሙዚቀኞች በኩባ ፒያኖ የሚሠራውን ሥራ ለጊታር ሰጡት። አንዱ ጊታር ምቱን ይይዛል፣ ሁለተኛው መካከለኛውን መስመር እየደጋገመ ይሸምናል፣ ሦስተኛው ከላይ ይዘፍናል። ከቀስታው ዜማ በኋላ ፍጥነቱ ጨምሮ ሦስቱም ጊታሮች እየተጠላለፉ የሚሄዱበት ክፍል ሰቤን ይባላል፤ ሰው ከወንበሩ የሚነሣው ያኔ ነው።

ፈንኩ ደግሞ ቀን አለው። በመስከረም 1974፣ ከመሐመድ አሊና ከጆርጅ ፎርማን ግጥሚያ ቀደም ብሎ፣ ጄምስ ብራውን ኪንሻሳ በተካሄደው የሦስት ቀን የሙዚቃ ድግስ ላይ ተጫውቷል። የስታፍ ቤንዳ ቢሊሊ አንጋፋዎች ያንን ድምፅ በጆሯቸው የያዘ ትውልድ ናቸው። በዘፈኖቻቸው መካከል ድንገት የሚሰማው የፈንክ ጩኸት ከውጭ አገር አዘጋጅ የመጣ ምክር አይደለም፤ የከተማቸው ትዝታ ነው።

ታሪኩ ግን ብቻውን ቅልቅሉን አይገልጸውም። ኪንሻሳ ውስጥ ይህንኑ ታሪክ የሚጋሩ ኦርኬስትራዎች ሩምባን ከሌላ ሳይደባልቁ ሲጫወቱ ኖረዋል። ልዩነቱ የአድማጩ ነው። አዳራሽ የመጣ ሰው ከፍሎ ገብቷል፤ ዘፈኑ ቀስ ብሎ ቢጀምር ይታገሣል። የጎዳና አድማጭ ግን እየሄደ ነው። ምግብ ቤት በር ላይ የሚጫወት ባንድ የሚያልፈውን ሰው የሚያቆምበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያንሳል። ከሚያልፉት አንዱ ሊንጋላ ተናጋሪ ሽማግሌ፣ ሌላው የሬጌ ወጣት፣ ሌላው የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ባንዱ ዘፈን በቀየረ ቁጥር ሰው ይበተንበታል። ስለዚህ ዘፈን ከመቀየር ይልቅ በዘፈኑ ውስጥ ስልት ይቀይራል፦ ክላቬው እንዳለ ሆኖ ጊታሩ ብቻ ወደ ሬጌ ይዞራል፣ ከ16 ወይም ከ32 ዙር በኋላ ይመለሳል። በስቱዲዮ “ውሕደት” ተብሎ የሚደነቀው ነገር ጎዳና ላይ የቆመን ሰው ለማቆየት የተገኘ ብልሃት ነው።

በዚህ መንገድ የማይገባ ምትም አለ። የኛ ችክችካ በሦስት በሦስት የሚከፈል፣ በ12 የሚቆጠር ምት ነው። 16ን በ4 እንጂ በ3 እኩል መክፈል አይቻልም። ስለዚህ ችክችካን ከሩምባ ጋር ለማዋሐድ የሚሞክር ባንድ ሬጌን እንደሚያስገባው ሊያስገባው አይችልም። ወይ ክላቬውን ራሱን ወደ 12 ማጠፍ፣ ወይ አራቱን ዋና ምቶች ብቻ አስጠብቆ በመካከላቸው ያለውን በሦስት መክፈል ይኖርበታል። ብዙ ሙከራዎች “አልገጠመም” የሚባሉት እዚህ ጋ ነው፤ ከበሮ መቺው 12 እየቆጠረ፣ ጊታሩ 16 እየቆጠረ፣ ሁለቱም ትክክል ሆነው ሳለ አይገናኙም።

ሳቶንጌ

ማሲንቆ የሚያውቅ ሰው ሳቶንጌን ሲያይ ቶሎ ይረዳዋል፤ ቶሎም ይሳሳታል። ሁለቱም አንድ ክር አላቸው። የማሲንቆ መቺ ግን ክሩን በጣቱ እየነካ ያሳጥረዋል፤ በሳቶንጌ ክሩ አይነካም። ባዶ ጣሳ አለ፤ ከጣሳው የሚነሣ፣ እንደ ቀስት የጎበጠ ቀጭን እንጨት አለ፤ ከጣሳው መሐል እስከ እንጨቱ ጫፍ የተወጠረ አንድ የብረት ክር አለ። አንዱ እጅ ክሩን ይመታል፤ ሌላው እጅ እንጨቱን ያጎብጣል ወይም ይለቃል። ድምፁ የሚወጣውና የሚወርደው በውጥረቱ ነው።

ጨዋታውን ከባድ የሚያደርገው የውጥረት ሕግ ነው። የክሩ ርዝመት ብዙም ሳይለወጥ ድምፁን በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ቃና ከላይ እስኪደገም ድረስ፣ ከፍ ለማድረግ ውጥረቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ መሆን አለበት። ግማሽ ቃና ለመውጣት 12 በመቶ ያህል ይበቃል። ስለዚህ ታችኛው ቃና ላይ እጅ ትንሽ ሲነቃነቅ ዜማው ብዙ ይንቀሳቀሳል፤ ላይኛው ላይ ግን ተመሳሳይ ርቀት ለመሄድ በጣም መጫን ያስፈልጋል። ጊታር ላይ እንዳለው የጣት ማረፊያ ምልክት የለም። እጅ ስፍራውን በጆሮ ብቻ ያገኛል፣ በሚያገኝበት ጊዜም ትንሽ ይንሸራተታል። ያ መንሸራተት ነው ሳቶንጌን የሰው ድምፅ የሚያስመስለው።

መሥራት ለሚፈልግ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። 400 ግራም የዱቄት ወተት ይዞ የነበረ ጣሳ ይወሰድ፤ ክዳኑ ይነሣ። የታችኛው ወለል መሐል ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ። ከጊታር ላይ የሚገኘው ቀጭኑ የብረት ክር፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ከጣሳው ውስጥ ወደ ውጭ ይለፍ፤ ጫፉ ላይ ያለችው ድቡልቡል ብረት ራሷ ታቆመዋለች። በብረቷና በጣሳው መካከል ትንሽ ቆዳ ወይም ሮንዴላ ካልገባ የቀዳዳው ስለታም ጠርዝ ክሩን በጥቂት ቀናት ይቆርጠዋል። እንጨቱ 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የቅርጫት ወገብ የሚሠራበት ዓይነት፣ ጎብጦ የሚመለስ መሆን አለበት። በጣም የደረቀ ይሰነጠቃል፤ በጣም እርጥብ የሆነ ደግሞ ጎብጦ ይቀራል፣ ከሰዓት ሰዓትም መሣሪያው እየወረደ ይሄዳል። እንጨቱን በቀጥታ በጣሳው ቀጭን ግድግዳ ላይ መቸንከር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ምስማሩ ቀዳዳውን እያሰፋ ይላላል። ከውስጥ በኩል አንዲት ቁራጭ ጣውላ አስደግፎ መቸንከር ይፈታዋል።

የመነሻ ውጥረቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያ ክር የሚበጠሰው ከ10 እስከ 12 ኪሎ የሚመዝን ነገር የተንጠለጠለበት ያህል ሲወጠር ነው። በ4 ኪሎ ከጀመሩት አንድ ኦክታቭ ለመውጣት 16 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ይበጠሳል። ከ2 ኪሎ በታች ከጀመሩት 8 ኪሎ ሳይደርስ ኦክታቩ ይሞላል፣ ትርፍም ይኖራል። ክሩ መነሻው ላይ ላላ ያለ ቢመስልም መሆን ያለበት እንደዚያ ነው።

ድምፁ በጎዳና ላይ ለምን እንደሚሰማም ምክንያት አለው። የመኪና ሞተርና የጄኔሬተር ጩኸት አብዛኛው ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ቀጭን የጣሳ ወለል ግን ዝቅተኛውን ይጥልና የሰው ጆሮ በጣም የሚነቃበትን ከፍ ያለ ክልል አጉልቶ ያወጣል። ጥሩ የእንጨት ጊታር የሚዋጥበት ቦታ ላይ ጣሳ ይሰማል። ከአምፕሊፋየር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። ጣሳው ላይ የምትለጠፈው፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይረው ክብ የፒዬዞ ማንሻ በማይክ መግቢያ ከተሰካች ያለችውንም ትንሽ ወፍራም ድምፅ ታጣለች፣ የቀረው እንደ ንብ ይጮኻል። የጊታር መግቢያ፣ 1 ሜጋኦም ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ነው የሚስማማት።

መብራት፣ ገመድና 12 ማይክ

ኪንሻሳ ውስጥ ከቆሻሻ መሣሪያ መሥራት የጀመረው ሳቶንጌ አይደለም። በ1960ዎቹ ሚንጊየዲ ማዋንጉ የመሠረተው ኮኖኖ ቁጥር 1 የጣት ፒያኖን፣ ሊከምቤን፣ ከአሮጌ መኪና በወጣ ማግኔትና በእጅ በተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አጉልቶ ይጫወት ነበር። የብረት ምላሱ ከማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የማንኛውም የኤሌክትሪክ ጊታር ማንሻ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲጮኽ የሚመጣውን ሻካራ ድምፅ ኮኖኖዎች እንደ ብልሽት አልቆጠሩትም፤ የሙዚቃቸው አካል ሆነ።

የጎዳና ባንድ የመጀመሪያው ወጪ ግን ኤሌክትሪክ ነው። መደበኛ 12 ቮልት፣ 50 አምፔር-ሰዓት የመኪና ባትሪ በወረቀት ላይ 600 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የመኪና ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ በጥቂት ወራት ይሞታል፤ ስለዚህ ሊቆጠርበት የሚገባው 300 ነው። እያንዳንዳቸው በአማካይ 25 ዋት የሚበሉ ሁለት ትንንሽ አምፕሊፋየሮች የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት ከሚቀይረው ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር 59 ዋት ያህል ይወስዳሉ። ይህ 5 ሰዓት ይሰጣል፤ አንድ ምሽት ማለት ነው። ርካሽ ኢንቨርተር ከሆነ በጊታሩ ውስጥ የማያቋርጥ እምምታ ይገባል፤ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ አምፕሊፋየር ከተገኘ እምምታውም ብክነቱም ይቀራል።

የስታፍ ቤንዳ ቢሊሊ የመጀመሪያ አልበም የተቀረጸበት መንገድ ይህን ሁሉ በአንድ ያሳያል። ቤልጂየማዊው አዘጋጅ ቫንሳን ኬኒስ ባንዱን ወደ ስቱዲዮ ከመውሰድ ይልቅ አብዛኛውን ሥራ የቀረጸው ባንዱ በሚለማመድበት በኪንሻሳ መካነ አራዊት ግቢ፣ በላፕቶፕና በአሥራ ሁለት ገደማ ማይክ ነበር። መብራቱን ያገኘው 100 ሜትር ገመድ ዘርግቶ አጠገብ ካለ ባዶ መጠጥ ቤት ነው። የገመዱ ርዝመት የሚያስፈራ ቢመስልም ሒሳቡ ያስኬዳል። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ገመድ 100 ሜትር ሄዶ ሲመለስ የሚያሳየው ተቃውሞ 2.3 ኦም ያህል ነው። ላፕቶፕና የመቅረጫ ሳጥን 1 አምፔር ብቻ ስለሚወስዱ የሚጠፋው 2.3 ቮልት ነው። በዚያው ገመድ 10 አምፔር የሚበላ የመድረክ ድምፅ ማጉያ ቢሰካ ግን 23 ቮልት ይጠፋል፤ ከ220ው አንድ አሥረኛው ማለት ነው፤ አምፕሊፋየሩም ከበሮ በተመታ ቁጥር ይደክማል። ገመዱ በጥቅል እንዳለ ከተተወ ደግሞ ይግላል፤ እስከ መጨረሻው መዘርጋት አለበት።

ሜዳ ላይ መቅረጽ ያለው ሌላ ጥቅም ግድግዳ አለመኖሩ ነው። ክፍል ውስጥ አሥር ሰው ሲጫወት የከበሮው ድምፅ ከግድግዳ እየተመለሰ በሁሉም ማይክ ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ ግን ድምፅ ሄዶ አይመለስም፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ድምፃዊው ከማይኩ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከበሮው ከዚያው ማይክ 3 ሜትር ከራቀ ማይኩ ሁለቱን በደንብ ይለያቸዋል። በዚያ ላይ ሙዚቀኞቹ እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው፣ እየተያዩ ይጫወታሉ። ለጎዳና ባንድ ይህ ከንጽሕናው ይበልጣል፤ ስልት የሚቀያየረው በዐይን ጥቅሻ ነውና።

ሦስት ጎማው

ተሽከርካሪዎቹን የመድረክ ጌጥ አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። በኪንሻሳና በብራዛቪል መካከል በኮንጎ ወንዝ ላይ በሚመላለሰው ጀልባ አካል ጉዳተኞች በክፍያና በቀረጥ ረገድ ለረጅም ጊዜ ልዩ አስተያየት ነበራቸው። በዚህ ምክንያት ባለ ሦስት ጎማው እስከ አፉ ዕቃ የሚጫንበት የንግድ ማጓጓዣ ሆነ፣ ነጂውም ነጋዴ። ሙዚቀኞቹ የመጡት ከዚህ ዓለም ነው፤ ተመጽዋች ሆነው የተገኙ ሳይሆኑ ሠርተው የሚኖሩ፣ የጎዳና ልጆችንም የሚያሳድጉ ሰዎች ነበሩ። ፖሊዮን የሚመለከተው ዘፈናቸው ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያስከትቡ ይለምናል፤ ከክትባት የመነጨው የፖሊዮ ቫይረስ ባልተከተቡ ልጆች መካከል በኮንጎ አሁንም ስለሚዛመት የዘፈኑ ልመና አላረጀም።

ገንዘቡ የሚደበቅበት ቦታ

ጎዳና ላይ ገንዘብ ይታያል። ሳጥኑ መሐል ላይ ነው፤ ሌሊቱ ሲያልቅ ይቆጠራል፤ ለባትሪና ለክር የሚሆነው ይነሣና የቀረው እዚያው ይከፋፈላል። የቀረበት ሰው በዚያው ሌሊት ይናገራል። የዓለም አቀፍ ጉዞ ገንዘብ ግን አይታይም፤ የሚያልፈው በብዙ እጅ ነው። ለስሌት ያህል፣ የየትኛውም ባንድ ያልሆነ ምሳሌ እንውሰድ። 8 ሙዚቀኞችና 3 ረዳቶች ያሉት ባንድ በ25 ቀን ውስጥ 15 ዝግጅት አለው፤ ለእያንዳንዱ 10,000 ዩሮ ይከፈለዋል።

የዝግጅት ወኪሉ 15 በመቶ ሲወስድ 8,500 ይቀራል። ሥራ አስኪያጁ ከቀሪው 20 በመቶ ሲወስድ 6,800። አውሮፕላን ለአንድ ሰው 1,200 ቢሆንና ለ15 ዝግጅት ቢካፈል 880 ነው። ማደሪያና ምግብ በቀን ለሰው 100 ቢሆን፣ ሥራ የሌለባቸው 10 ቀናትም ስለሚበሉ፣ ለአንድ ዝግጅት 1,833 ይመጣል። ተሽከርካሪ ወንበር የሚያነሣ መኪና ከነሾፌሩ በቀን 500፣ ማለትም ለዝግጅት 833። የረዳቶቹ ደመወዝ ለእያንዳንዱ በቀን 150 ሆኖ 750፤ ቪዛና ኢንሹራንስ 147። ከዚህ ሁሉ በኋላ 2,357 ዩሮ ይቀራል፤ ለ8 ሲካፈል 295 ነው። ዝግጅቱ የተካሄደበት አገር ከጠቅላላው ክፍያ 15 በመቶ ግብር ከቀነሰ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 107 ይወርዳል።

ሙዚቀኛው ከመድረክ ላይ የሚያየው 600 ሰው ነው፤ ትኬቱ 20 ዩሮ መሆኑንም ያውቃል። ማንም አልሰረቀውም ይሆናል። ነገር ግን 12,000 ዩሮ በዐይኑ አይቶ 107 በእጁ ሲገባ፣ በመሐል ያለውን ወረቀት በሚያውቀው ቋንቋ ያስረዳው ሰው ከሌለ፣ የሚቀረው መደምደሚያ አንድ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ቀላልና አሰልቺ ነው፦ ከጉዞው በፊት ይህን ሒሳብ በቁጥር ለሁሉም ማሳየት፣ በየ5 ዝግጅቱ ደረሰኝ ዘርግቶ መድገም፣ ባዶ ቀናትን መቀነስ። ከላይ ባለው ምሳሌ 25ቱ ቀን ወደ 20 ቢወርድ በማደሪያና በምግብ፣ በመኪናና በረዳት ደመወዝ ብቻ ከእያንዳንዱ ዝግጅት 683 ዩሮ ይተርፋል፤ ለሰው 85 ማለት ነው።

የዘፈን መብት ደግሞ ከዚህ የባሰ ሥውር ነው። የጉዞ ገንዘብ ጉዞው ሲያልቅ ያልቃል፤ የዘፈን ባለቤትነት ግን ከባለቤቱ ሞት በኋላም ለዐሥርት ዓመታት ይከፍላል። የመመዝገቢያው ቅጽ የሚጠይቀው የግጥም ደራሲውንና የዜማ ደራሲውን ስም ነው። የኛ አንባቢ ይህን ከካሴት ልባስ ያውቀዋል፦ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የሥራ አመንጪውንና ከዋኙን ለይቶ ነው መብት የሚሰጣቸው። የጎዳና ዘፈን ግን በዚህ ሣጥን አይገባም። አንዱ በሦስት ቃል ይጀምረዋል፣ ሌላው ተቀባይ ሆኖ አዝማቹን ይፈጥራል፣ ጊታሩ ሰቤኑን ይጨምራል፣ ከሁለት ዓመት ምሽቶች በኋላ አንድ ሙሉ ዘፈን አለ። ቅጹ ሲመጣ ፈረንሳይኛ የሚጽፈው ሰው የራሱንና ትዝ ያለውን ስም ይሞላል። ክፋት የለበትም፤ ውጤቱ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ አንዱ ቼክ ሲመጣለት ሌላው ምንም የማይመጣለት መሆኑ ነው።

በ2013 ኮኮ ንጋምባሊና ሌላው ድምፃዊ ቴዮ ንዞንዛ ከስታፍ ቤንዳ ቢሊሊ ወጡ። ሪኪ ሊካቡ በነባሩ ስም ቀጠለ። ኮኮና ቴዮ ምቦንግዋና ስታር የተባለ አዲስ ባንድ መሥርተው በ2015 በኤሌክትሮኒክስ የታጀበ፣ ከቀድሞው የሻከረ አልበም አወጡ። ሁለቱንም የሰማ ሰው ሙዚቃው እንዳልደከመ ያውቃል። በእኛ ግምገማ ምቦንግዋና ስታር ከቀድሞው ባንድ የበለጠ ደፋር ነው፤ ያጣው የሳቶንጌውን የሚያለቅስ ድምፅና የአራት አንጋፋዎች ኅብረ ዝማሬ ነው፤ ያ ደግሞ በማንም አዘጋጅ አይተካም።

ከእነሱ በኋላ የመጡት የኪንሻሳ ባንዶች፣ ከቆሻሻ በተሠራ መሣሪያ የሚጫወተው ፉሉ ሚዚኪና የዳንስ ሙዚቃን ከጣሳና ከጠርሙስ ምት ጋር ያዋሐደው ኮኮኮ!፣ በተመሳሳይ መንገድ አውሮፓ ደርሰዋል። ለእነሱም ሆነ በሌላ ከተማ መንገድ ዳር ለቆመ ማንኛውም ባንድ የሚሆነው ወረቀት አንድ ገጽ ነው፤ መሞላት ያለበትም የመጀመሪያው ማይክ ከመከፈቱ በፊት ነው። ለእያንዳንዱ ዘፈን የግጥም ድርሻ 50፣ የዜማና የቅንብር ድርሻ 50 ተብሎ ይከፈል፤ በስሩ የእያንዳንዱ አባል ስምና መቶኛ ይጻፍ፤ ድምሩ 100 መሆኑ በሁሉም ፊት ይቆጠር። ከባንዱ የወጣ ሰው የተቀረጹት ዘፈኖች ድርሻው እንደማይነካ፣ የባንዱ ስም ግን ከማን ጋር እንደሚቀር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይቀመጥ። ማንበብ የማይችል አባል ካለ ገጹ በሚናገረው ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ንባቡና የእሱ መልስ በስልክ ይቀረጽ፣ ቅጂው ለእያንዳንዱ ይላክ። ክርክር የሚያስነሣው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ነው፦ ሰው ዘፈኑን የሚያውቅበት የሳቶንጌ መግቢያ፣ ያቺ ስምንት ቃና፣ ዜማ ናት ወይስ ቅንብር? ዜማ ከተባለች ጣሳውን የያዘው ልጅ ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር ይከፈለዋል። ቅንብር ከተባለችና ለቅንብር ድርሻ ካልተጻፈ የሚደርሰው የዚያ ሌሊት ሳጥን ብቻ ነው።